የሁዳዴ ሟቾች

ሚስቴ ሶልያና ወደ ሟቾች መዝገብ መግባቷን የነገረችኝ ራሷ ናት። 2084 ዓ.ም.፣ ደብረ ዘይት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች፣ ሽንኩርት አልቋል በምትልበት ድምፅ "ከአርባ በታች ገባሁ" አለችኝ። ቀና ብዬ አንገቷን አየሁት። አንገትጌው ሠላሳ ሰባት ይላል። ትናንት አርባ ሁለት ነበር።

ከአርባ በታች የገባ ሰው በሕግ ሞተ አይባልም። መንግሥታችን ጨዋ ነው፣ እንዲህ ያለ ሻካራ ቃል ከአፉ አይወጣም። "የስንብት እንክብካቤ ተጠቃሚ" ነው የሚባለው። ስልኬም በዚያው ደቂቃ ጮኸና ብሔራዊ የውጤት ማዕከል እንኳን ደስ አላችሁ ከማለት ለጥቂት የተረፈ መልእክት ላከልኝ። ሶልያና ከልብ ቀዶ ሕክምና ዝርዝር መሰረዟን፣ ቦታዋ የተሻለ ውጤት ለሚጠበቅበት ታካሚ መሰጠቱን፣ ቤተሰቡም አንድ ወር ቀደም ብሎ የማዘን መብቱ እንደተከበረለት ይገልጻል። ከታች ለአገልግሎቱ ኮከብ እንድሰጣቸው ይጠይቃል። ከአምስት።

የሶልያና ልብ ከልጅነቷ ጀምሮ ጤና የለውም። በሰባት ዓመቷ በደንብ ያልታከመ ቶንሲል ልቧ ድረስ ወርዶ አንዱን ቫልቭ አበላሸው። በር ነው በሉት፤ የማይገጥም በር። ደሙ ይወጣል፣ መለስ ይላል፣ እንደገና ይወጣል። ስድስት ዓመት ተራ ጠብቀን፣ ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ አዲስ ቫልቭ ሊገባላት ቀን ተቆርጦ ነበር። ዝርዝሩ የሚዘጋው ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ነው። ያ ዓርብ ካመለጣት የሚቀጥለው ተራ ከስድስት ዓመት በኋላ ይመጣል። ልቧ ስድስት ዓመት እንደማይቆይ ለማወቅ ደግሞ ማዕከል አያስፈልግም፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿን መስማት ይበቃል።

ቁጥሩ የሚመጣው ከልብ እንዳይመስላችሁ። ከጉሮሮ ነው። እንቅርት የሚያወጣው ዕጢ፣ ታይሮይድ የሚሉት፣ ሥራው ሲቀንስ ልቡ የታመመ ሰው ቶሎ ይሞታል። ይህን የደረሱበት ሰዎች ስንት ሺህ በሽተኛ ቆጥረው ነው፣ ውሸት አይደለም። ችግሩ እውነት መሆኑ ነው። እውነት አንዴ መሥሪያ ቤት ከገባ ማን ያስወጣዋል። በአባቴ ጊዜ ሐኪም ከሌላው ምርመራ ጋር አዳብሎ የሚያየው ነገር ነበር። ቀጥሎ ብቻውን ይታይ ጀመር። ቀጥሎ ደግሞ የሚያየው ሐኪም ቀረ። አሁን ልቡን ያመመው ሁሉ ጉሮሮው ላይ አንገትጌ ያስራል፣ አንገትጌው ዕጢውን ያነባል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የዕለቱ ንባብ ይቆረጣል፣ የአምስት ቀን አማካዩ ውጤት ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም። ማዕከሉ ያርፋል፤ ሰው የሚሞተው በሥራ ቀን ነው።

የዚያኑ ቀን ዶክተር ሰዓዳ ዘንድ ወሰድኳት። ደሴ ውስጥ ከቀሩት ሦስት የልብ ሐኪሞች አንዷ ናት። ቀን በተቆረጠላቸው ሰዎች ላይ ቀዶ ጥገና ትሠራለች፣ በተረፈ ማዕከሉ የወሰነውን ለቤተሰብ በጥሩ አማርኛ ታስረዳለች። የስም አወጣጥ ዞሮ ገጥሞ ነርሷ ወርቅነሽ ትባላለች፣ ሃያ አምስት ዓመት አይሞላትም። ሽማግሌዎቹ እኛ ነን ያፌትና ሶልያና የምንባለው። ወርቅነሽ ስማችንን ስትጠራ ፈገግ ትላለች፤ የድሮ ሰው ስም ነዋ።

ዶክተሯ ቁጥሩን አላየችውም። ምን እንደምትበላ ነው የጠየቀቻት። ሶልያና በኩራት ተናገረች፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የለም፣ ከዘጠኝ በኋላ ትንሽ ሽሮ፣ ረቡዕና ዓርብ እሱም ይቀነሳል። ዶክተር ሰዓዳ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ዕጢው እንዳልታመመ፣ ቀለብ ሲያንስ ኩራዙን ዝቅ እንደሚያደርግ ቤት መቆጠቡ እንደሆነ አስረዳችን። ለማዕከሉ የሚቆጥብም የሚሞትም አንድ ነው። ቁጥሩን ያወጡት ሁዳዴ የሚባል ነገር በሌለበት አገር ሰዎች አንገት ላይ ነው፣ እኛ ዘንድ ሲመጣ ከነማሸጊያው ነው የተገጠመው። እሷ አራት ጊዜ ጽፋላቸዋለች። የራሷ ሰፈር ሰዎችም ረመዳን ላይ እንደዚሁ እንደሚያልቁ ጨምራ ጽፋለች።

"በየዓመቱ በሁዳዴ ይሞታሉ፣ በፋሲካ ይነሣሉ" አለችን። "ዝርዝሩ የሚዘጋው ግን ከትንሣኤ በፊት ነው።"

መልስ አልሰጡሽም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሰጥተዋል። ከፋሲካ በኋላ በልብ ሕሙማን ላይ የሚታየው አስገራሚ ማገገም የስንብት እንክብካቤ ፕሮግራሙ ፍሬ መሆኑን ገልጸው አመስግነዋታል። በዚያው ጥናት ሽልማት ወስደዋል። የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ምሳ ተበልቷል፣ በሁዳዴ።

እንግዲህ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ሁለት ሳምንት ትብላ። ኮሪደሩ ላይ እንደወጣን ይህንኑ ነገርኳት። በሽተኛ አይጾምም፣ ነፍስ አባቷም ገና ዱሮ ፈቅደውላታል፣ ምን አስጨነቀሽ አልኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች።

"አባ ፈቅደዋል" አለችኝ። "እኔ ነኝ ያልፈቀድኩት። መድኃኔዓለምን የለመንኩት ምን ብዬ እንደሆነ ታውቃለህ? ሁዳዴን ሳልገድፍ ለኦፕራሲዮኑ አብቃኝ ብዬ ነው።"

ለኦፕራሲዮኑ ብላ የያዘችው ጾም ኦፕራሲዮኑን እየወሰደባት ነው። ይህን ለማዕከሉ ብነግራቸው በየትኛው ቅጽ እንደምሞላ ነው የሚጠይቁኝ። ለመድኃኔዓለም እንዳልነግር ደግሞ ከእሱ ጋር ከተዘጋጋን አርባ ዓመት አልፎናል። ተናደድኩባት። አርባ አራት ዓመት በትዳር ስኖር ይቺን ሴት አንድ ነገር አስለውጫት አላውቅም፣ መጋረጃ እንኳ።

ረቡዕ ጠዋት እድሩ መጣ። ማዕከሉ ከእድሮች ጋር ከተያያዘ ወዲህ ከአርባ በታች የገባ ሰው ቤት በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ድንኳን ካልተተከለ እድሩ "ቸልተኛ" ተብሎ ይመዘገባል። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ናሆም ቆቡን አውልቆ በር ላይ ቆመ። ዓይኔን ማየት አልቻለም፣ ሥርዓቱ ነው እያለ ያንኑ ደጋገመ። ሶልያና ናት ያዘነችለት። ድንኳኑን ወደ ቀኝ እንዲያስጠጉት፣ ጎመኗን እንዳይረግጡባት አሳየቻቸው።

ሃያ አግዳሚ ወንበር ገባ። ለቀስተኛው መጣ። ካርታ ተጀመረ። ለሟቿ ፊት ለፊት ምን እንደሚባል ገና ወግ ስላልወጣለት እያንዳንዱ በር ላይ ሲደርስ ይደናገራል። መጨረሻ ላይ "እግዜር ያጥናሽ" ማለቱን ለመዱት፣ እሷም አሜን ትላለች። ንፍሮውን የቀቀለችው ራሷ ናት። የእድር ሴቶች አያበስሉትም፣ ጥሬውን ነው የሚያቀርቡት ብላ በገዛ ለቅሶዋ ቆማ ስታማስል፣ እኔ ማድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ፈርቼ ነበር። ከንዴቱ ሥር ያለው ፍርሃት እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናገር። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት የመብራት ቆጣሪ ቁጥጥር ላይ ነው። ቆጣሪ የሚያታልል ሰው ስይዝ ነው ያረጀሁት። ሽቦ የሚቀጥሉ አይቻለሁ፣ ማግኔት የሚለጥፉ አይቻለሁ፣ ቆጣሪያቸውን ከቤተ ክርስቲያን ቆጣሪ ጋር ያቀያየሩ ባልና ሚስት አይቻለሁ። ለአንዳቸውም አዝኜ አላውቅም። ቆጣሪ አይዋሽም እያልኩ ስንቱን ፍርድ ቤት አቁሜያለሁ።

ሶልያና በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ ላይ ናት። አንገትጌውን ቡፌው ላይ አውልቃ ትሄዳለች፤ ስትሰግድ ልብሽ ተጨናነቀ ብሎ ይጮኻል፣ አንዴ በወንጌል ሰዓት ጮኾ ዲያቆኑን አስደንግጦታል። ሐሙስ ቀን እሷ ከወጣች በኋላ ቡፌው ፊት ቆምኩ። አንገትጌው እዚያው ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ ትንሽ መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል። ንባቡ የሚቆረጠው በስምንት ሰዓት (አንገት ካጣ የጠዋቱን ይወስዳል)፣ አንገቱ ቅዳሴ ላይ፣ ቆጣሪው ቤት። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት እጄ ሳላዘው ተነሣ።

የገዛ ቤቴ በር ላይ ሰባት ዓይነት መታወቂያ የሚጠይቀኝ መንግሥት አንገቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ አላሰበም። አይፈረድበትም፣ ጤነኛ ሰው የበሽተኛ አንገትጌ ለምን ያስራል። ጉሮሮዬ ላይ ሲጣበቅ ቀዝቀዝ አለኝና ዝም አለ። ለጥንቃቄ ሆዴን ልሙላ ብዬ በላዩ ስካርፕ ጠምጥሜ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደሚገኘው የሐጂ ኢምራን ምግብ ቤት ወረድኩ።

በሁዳዴ የሐጂ ኢምራን ቤት የፊት በር የሙስሊሞች ነው፣ የኋላው በር የኛ። እኔ በፊት በር ነው የምገባው፣ ቢያንስ ለዚህ ክብር አለኝ። በኋላ በር የገቡ ጎረቤቶቼ ሲያዩኝ ሳህናቸው ላይ ያቀረቅራሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ትናንት ድንኳኔ ውስጥ ካርታ ሲያሸንፈኝ የዋለ ነው። የበግ ጥብስ አዘዝኩ። ስምንት ሰዓት ላይ አንገትጌው እንደ ትንኝ ጥዝ አለና ንባቡን ወሰደ። ከሐምሌ ጀምሮ እንዲህ ያለ ዕጢ አይቶ አያውቅም። ከዘጠኝ በፊት ቤት ገብቼ በአልኮል ወልውዬ ቡፌው ላይ መለስኩት።

ሐሙስ ማታ አማካዩ አርባ ስድስት ሆነ። ማዕከሉ ተሰርዛ የነበረችውን ታካሚ መልሶ አስገባት፣ ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ ማብራሪያ ሳይሰጥ። ዓርብ ሃምሳ ስድስት ሲል የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊነቅሉ መጡ። ቅር ያላቸው መሰለኝ፣ በተለይ ካርታው መሀል ላይ ነበር። ጋሽ ናሆም ግን አቅፎኝ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ። ሶልያና መሸኛ ብላ የተረፈውን ንፍሮ ለየቤታቸው ቋጠረችላቸው። ተአምር ነው ሲሏት "አዎ" አለች፣ ቀና ብላም አላየችኝ።

ሰኞ ስድሳ ስድስት። ማክሰኞ ሰባ ስድስት። ረቡዕ፣ አምስቱም ቀን የኔ ብቻ ሲሆን፣ ሰማንያ ስድስት። በስድሳ ስምንት ዓመቴ እንዲህ ያለ ዕጢ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ጥብሱን ወደ ቅቅል፣ ቅቅሉን ወደ ዱለት እያዘዋወርኩ ለሚስቴ ሕይወት ስታገል ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። ሰው እንደኔ መሥዋዕት ሲከፍል አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት መልእክት መጣ። ይኼኛው እውነትም እንኳን ደስ አላችሁ ይላል። ታካሚዋ ከሰባ አምስት በላይ ስላስመዘገበች ልቧ በቂ ጉልበት እንዳለው ተረጋግጧል፣ ስለዚህ ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም። ዝርዝሩ እስኪዘጋ ከሰባ አምስት በታች ካልተመለሰች ቦታዋ የበለጠ ለሚያስፈልገው ይሰጣል።

ሁለቴ አነበብኩት። ከአርባ በታች የምታክመው ቀድሞ ሞቷል፣ ከሰባ አምስት በላይ የምታክመው አልታመመም። መሀል ላይ ያለችው ሴት ብቻ ናት መታከም የሚገባት፣ እሷም በትክክለኛው ቀን መሀል ላይ ከተገኘች። ስልኩን ልወረውረው አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት፣ አንገትጌውን የሚያዝ ሌላ ስልክ የለንም። ቀረኝ ያልኩት ስምንት ቀን ነው። አንገትጌውን ማሰር ብተው የሷ ሠላሳ ሰባት ይመለሳል፣ ባስር የኔ ሰማንያ ስድስት ይቀጥላል። ግማሹን ቀን እሷ ግማሹን እኔ ብንል እሷ አታውቅም፣ ስታውቅ ደግሞ ምን እንደምትል አውቃለሁ።

ዕጢን ዝቅ የሚያደርግ ነገር አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ዶክተሯ በጥሩ አማርኛ አስረድታኛለች።

ዓርብ ጾም ያዝኩ። ስድሳ ስምንት ዓመት ያልጾምኩትን እንደ ዕዳ ሰብስቤ ነው የያዝኩት፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም የለም፣ ከዘጠኝ በኋላ ሽሮ፣ ቅዳሜና እሑድም ቢሆን ቁርስ ብቻ ነው የጨመርኩት። በመጀመሪያው ቀን ራሴን ወግቶ ጣለኝ። በሁለተኛው ቀን ከጎረቤት ጋር ባልረባ ነገር ተጣላሁ። ሰኞ ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይ የታተመውን የዳቦ ፎቶ ረጅም ሰዓት ስመለከት ራሴን አገኘሁት። ይቺ ሴት ይህንን ከነታመመ ልቧ አርባ አራት ዓመት አጠገቤ ሆና ስታደርግ እኔ ፊቷ ላይ እንቁላል ጠብሼ ስበላ ነበር። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም ነበር። አሁን አፈርኩ፣ ሌላ ቃል የለውም።

ሶልያና ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ስትመለስ እንዳልበላሁ አየች። ሁለተኛ ሳህን አወጣች፣ ሽሮውን ከፍላ አቀረበች፣ ባርካ ቆረሰች። ደስ ብሏታል። የምታስቀምጠውን ክዳን እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ ነበር የምታስቀምጠው።

ማክሰኞ ሐጂ ኢምራን ቤቴ ድረስ መጣ። ምን በደልኩህ፣ ሥጋው ነው ወይስ አስተናጋጇ ብሎ ሊቀየመኝ ነበር። እውነቱን ነገርኩት። አንገትጌውን ከስካርፑ ሥር አሳየሁት። እስኪያነባ ሳቀና እንባውን ጠረገ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አብሮኝ ዋለ። ውሃ እንኳ እንድሰጠው አልፈቀደልኝም፤ ፊትህ ላይ አልጠጣም አለኝ።

የመጨረሻው ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ሳሎን ብቻዬን ቆሜ ነበር። ረቡዕ ከሰባ አምስት በላይ ነበርን፣ ሐሙስም። አንገትጌው ጥዝ አለና ዝም አለ። አወለቅኩትና ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤው ሄድኩ። ሰባ አራት። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ረሃብ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ማዕከሉ ወዲያው አረጋገጠልን፦ "ታካሚዋ በተገቢው መጠን ታማለች።" ለዚያ መልእክት አምስት ኮከብ ሰጠኋቸው።

በሰሙነ ሕማማት አንገትጌው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፣ ቁጥሩም ወደሚገባው ወረደ፣ ግን ማዕከሉ የበዓል ዕረፍት ላይ ስለነበር አንድም ሰው አላየውም። የኔ ጾም እስከ ፋሲካ ቀጠለ። ለምን እንደቀጠለ ጠይቃችሁ አታድርቁኝ፣ ሰባት ቀን ነበር የቀረው።

ማክሰኞ ሆስፒታል ገባን። ዶክተር ሰዓዳ አንገትጌውን አውልቃ ትሪ ላይ ጣለችና በአሮጌው መንገድ፣ በመርፌ ደም ቀዳች። ከአርባ በታች ከሆነ ማደንዘዣ ባለሙያው እንደማይነካት አስቀድማ ነግራናለች፣ እሱም ሕግ ነው። ሁለት ቀን ዶሮ ብትበላም ሃምሳ አምስት ቀን ምን ያህል እንደወሰደ አላውቅም። ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ከወንበሬ ተነሣሁ።

"አርባ አንድ" አለች። ፋይሉን ገለጠች። "እዚህ የሁዳዴው ሰባ አራት ይላል።" ሚስቴን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ አንገቴን አየች። ቀስ ብላ ፋይሉን ዘጋችው። "አርባ አንድ ከአርባ በላይ ነው። ነገ ከዚህም ይሻላል። እንገባለን።"

ወርቅነሽ አልጋውን ልትገፋ ስትል ሶልያና እጄን ያዘችኝ። የምትሰናበተኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ።

"ያፌት" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "አንገትጌው ጥብስ ጥብስ ይሸት ነበር።"

ደነገጥኩ። ከመቼ ጀምሮ አልኳት።

"ከመጀመሪያው ሐሙስ። ጾም ላይ ያለ ሰው አፍንጫው ምን እንደሚሆን አንተ ያኔ የት ታውቀዋለህ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እኔ ጾሜን አልገደፍኩም። የበላኸው አንተ ነህ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "መሽተቱን ሲተው ነው የፈራሁት። ታመመብኝ ብዬ። አብረኸኝ ሽሮ ስትበላ ሳይ ነው የገባኝ።"

ሌላ ነገር ልትጨምር ነበር፣ አልጋው ሄደ።

ዶክተር ሰዓዳ ከኋላ ቀረች። ጓንቷን እያጠለቀች፣ ፊቷን ወደ በሩ እንዳደረገች፣ ዘንድሮ በሁዳዴ ከዝርዝሯ የተሰረዙት አርባ ሰባት ሰዎች እንደሆኑ ነገረችኝ። ያለ አንገትጌ ብታያቸው አብዛኞቹ ለቀዶ ሕክምና ደህና ነበሩ። ስድስት ዓመት ተራ መጠበቅ የሚችል ልብ ያላቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው።

"ሁሉም አንገት የሚያውሰው ሰው የለውም፣ ጋሽ ያፌት" ብላ ገባች።

አምስት ሰዓት ወሰደ። ጋሽ ናሆም ሊጠይቀን መጣ፤ ድንኳኑን ለጥንቃቄ ያህል በጭነት መኪና ይዞ ከሆስፒታሉ ጀርባ አቁሞታል። መኪናውን አየሁትና አልተቀየምኩትም፣ ሰውየው ሥራውን ነው የሚሠራው። ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የቆጣሪ ነገር ነገርኩት፣ ከሐሙስ እስከ ዓርብ ያለውን በሙሉ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ያን ያህል የፈራሁበት ቀን የለም።

ወርቅነሽ ናት በሩን የከፈተችው። ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ ስማችንን ስትጠራ የምትስቀውን ያህል ሳቀችና "አዲሱ በር ይገጥማል" አለችን። ጋሽ ናሆም ተነሥቶ ወደ ጭነት መኪናው ሮጠ፣ ሹፌሩን ሊያባርር።

በአራተኛው ቀን ሶልያና ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። አንገቷ ባዶ ነው፣ ማተቧ ብቻ። ትንፋሿን አዳመጥኩ፣ የለም፣ እንደማንኛውም ሰው ዝም ብሎ ይገባል ይወጣል። መድኃኔዓለምን ለኦፕራሲዮኑ ብቻ እንዳልለመነችው፣ ባሌን አንድ ሁዳዴ አስጹምልኝም ብላ እንደነበር ነገረችኝ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንደሰጣት፣ በየትኛው መንገድ እንደሰጣት ግን መጠየቅ እንደማትፈልግ ጨመረች። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ልነግራት ያልፈለግኩትን ነገር ልነግራት ግድ ሆነ፣ ከሷ የምደብቀው ነገር ቢኖር ይሸታታል። የአርባ ሰባቱን ነገርኳት።

ሳቋ ቆመ። ንፍሮ አልበሰለም ስትል የምታየውን ዓይነት አስተያየት ነው ያየችኝ።

"ለከርሞ ሁዳዴ ሐጂ ኢምራን ጋ አንገት የሚያውስ ስንት ሰው ይቀመጣል?" አለችኝ።

ሠላሳ፣ ቢጠጋጋ።

"የእድሩ አግዳሚ ሲጨመርስ?"

ቆጠርኩት። ሃያ አግዳሚ ነበር ለለቅሶዋ የገባው። ግማሹ በረንዳው ላይ፣ ግማሹ በኋላ በር በኩል።

"ይበቃል" አልኳት። "ሐጂን ዛሬውኑ አናግረዋለሁ።"